በሌሊት የማይወጣ ተራራ

አጎቴ ግሸንን በሌሊት አይወጡም ነበር። የመስከረም 21ን በዓል የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደ ሆነ ይረዳልኛል። ምእመኑ ከየአገሩ ተሰብስቦ ወደ ተራራው የሚጎርፈው በዋዜማው ነው፤ ብዙው ሰው ፀሐይ ሳትበረታበት፣ በመዝሙርና በጧፍ ብርሃን እየተጋፋ አቀበቱን መጨረስ ይመርጣል። አጎቴ ግን ከተራራው ሥር፣ ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጡና ሰማዩ እስኪገረጣ ይጠብቁ ነበር። እኔም የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ከጎናቸው እቀመጣለሁ። አሮጊቶች ሳይቀሩ አልፈውን ሲወጡ እያየሁ አፍር ነበር። የዛሬው ጽሑፌ የዚያ እፍረት ዕዳ ነው።

ግሸን ደብረ ከርቤ በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ተራሮች መካከል የሚገኝ፣ ዙሪያውን ገደል የከበበው መስቀለኛ አምባ ነው። አበው እንደሚተርኩት በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ግማደ መስቀል፣ በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በዚህ መስቀለኛ ቦታ ዐረፈ፤ የመስከረም 21 ክብረ በዓልም የዚሁ መታሰቢያ ነው። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ አምባው ለዙፋን የሚፎካከሩ የነገሥታት ልጆች ታግተው የሚኖሩበት ስፍራ ነበር። ለጸሎትም ለግዞትም የተመረጠበት ምክንያት አንድ ይመስለኛል፤ መውጫው ጠባብና አስቸጋሪ ነው። እግሩ የት እንደሚያርፍ የማያውቅ ሰው አይደፍረውም። አጎቴ ደግሞ በጨለማ እግራቸው የት እንደሚያርፍ ማወቅ ካቆሙ ቆይተው ነበር።

አጎቴ መሪጌታ ነበሩ። ከተራራው ራቅ ብላ በምትገኝ ትንሽ የገጠር ደብር ያገለግላሉ፤ እኛ ልጆቹም ፊደል የቆጠርነው በእሳቸው እጅ ስለ ነበር የምንጠራቸው «የኔታ» ብለን ነው። በማኅሌት ሌሊት ከሊቃውንቱ መካከል ቆመው ሲዘምሙ መቋሚያቸው ከሌሎቹ መቋሚያ ጋር አብሮ ሲያዘነብልና ሲነሣ አይቻለሁ። ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ የሰውነታቸው መወዛወዝ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው የሚወጣ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ይህን የሚያስተካክል አካል በሰው ጆሮ ውስጥ እንዳለ፣ ስምም እንዳለው አላውቅም።

በ1972 ዓ.ም. ክረምት ሳል ያዛቸው። ሳሉ ከሰነበተ በኋላ ደም መትፋት ጀመሩ። በሰው ብርታት ከተማ ወርደው ሲመረመሩ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ከጤና ጣቢያው አጠገብ የዘመድ ቤት ተጠግተው በየቀኑ አንድ መርፌ ተወጉ፤ ለሁለት ወር፣ ስልሳ መርፌ። ከዚያ በኋላ ከዓመት ላላነሰ ጊዜ ኪኒን ዋጡ። እናቴ የመርፌውን ስም አሳጥራ «እስትሬፕቶ» ትለው ነበር። ሳሉ ቆመ፤ ሥጋቸው ተመለሰ፤ ቤተሰቡም ለግሸን ማርያም የተሳለውን ስለት አስገባ። ሞትን ያህል ነገር አምልጠው የመጡ ሰው ስለ ነበሩ፣ ሌላ ነገር ይዘው መምጣታቸውን ልብ ያለ አልነበረም።

እሳቸው ግን አስቀድመው ተናግረው ነበር። መርፌውን ከጀመሩ በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ለሚወጋቸው ድሬሰር «ምድር ይዞርብኛል» ብለውታል። «ደም ስላነሰዎት ነው፤ ምግብ ያጠንክሩ» ተባሉ። ማዞሩ ከጥቂት ወራት በኋላ በረደ፤ ሚዛናቸው ግን አልተመለሰም። በቀን፣ በደልዳላ መሬት፣ መቋሚያቸውን ይዘው ደህና ይሄዳሉ። ሲመሽ ግን ገና መራመድ እንደሚለማመድ ሕፃን እግራቸውን አራርቀው፣ ግድግዳ እየዳበሱ ነበር የሚንቀሳቀሱት። በመንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲላቸው ቆም ካላሉ አይለዩትም። «ዓይኔ ደህና ነው፤ ዓለሙ ነው የሚዘለው» ይሉ ነበር። እኛ ልጆቹ ይህን ስንሰማ እንስቅ ነበር።

አንድ የማኅሌት ሌሊት፣ መብራቱ ከቅኔ ማኅሌቱ ራቅ ብሎ ሳለ፣ በዝማሜው መካከል ሸርተት ብለው ከበሮው ላይ ወደቁ። በማግስቱ «መሪጌታ ጠጥተው ገቡ» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። በአገራችን ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ከዚህ የከፋ ስም የለም። የደብሩ ሽማግሌዎች አስጠርተው መከሯቸው፤ እሳቸውም ማሉ፤ መሐላቸውን ተቀበሏቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲወድቁ ግን የመሐላቸውም ነገር አብሮ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የሌሊቱን አገልግሎት ተዉ፤ ቀን ቀን ልጆች ማስተማር ብቻ ቀራቸው።

ዘመድ ጠበል ወሰዳቸው። ውኃው ከላይ ሲወርድባቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑም እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደቁ። ዙሪያውን የቆመው ሰው «ያዘው! ያዘው!» እያለ ጮኸ። ርኩስ መንፈስ የተገለጠ መስሎት ነበር። አጎቴ ጭቃቸውን ጠርገው ተነሥተው አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኔም በዚያ ነበርሁ። ከሕዝቡ ጋር ባልጮህም፣ በልቤ አምኜ ነበር።

ይህ ሁሉ ካለፈ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ገደማ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሐኪም ወዳጄ ሦስት ገጽ የማትሞላ የቆየች ጽሑፍ ግልባጭ ሰጠኝ። ስለ አጎቴ አውግቼው ነበርና «ይህን አንብብና ንገረኝ» ብሎ ነው የሰጠኝ። ጽሑፏ እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የታተመች ናት፤ ርእሷ በአማርኛ «ያለ ሚዛን አካል መኖር» እንደ ማለት ነው። ጸሐፊው ራሱ ሐኪም ነው፤ ሙሉ ስሙን አልጻፈም፤ «ጄ. ሲ.» ብሎ ብቻ ፈርሟል። ለነቀርሳ ሕመም በስትሬፕቶማይሲን ሲታከም ሚዛኑን አጣ። አልጋው ላይ ተኝቶ መጽሐፍ ሊያነብ ሲሞክር የገዛ ልቡ ትርታ ራሱን ስለሚነቀንቀው ፊደሎቹ ይዘሉበት ነበር። ስለዚህ ራሱን በአልጋው ራስጌ ባሉ ሁለት የብረት ዘንጎች መካከል አጣብቆ ያነብ እንደ ነበር ይተርካል። ሲራመድ ደግሞ ዓለሙ ሁሉ አብሮት ይንጠራወዛል፤ አጥርቶ ለማየት መቆም አለበት።

ዓለሙ ነው የሚዘለው። አጎቴ ያሉትን፣ እኛ የሳቅንበትን፣ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም እኔ ከመወለዴ በፊት ጽፎት አገኘሁ። ያን ቀን ወረቀቱን ይዤ ብዙ ሰዓት ተቀመጥሁ።

ከዚያ በኋላ የዚህን መድኃኒት ታሪክ ባገኘሁት ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1943 በአሜሪካ በራትገርስ፣ በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ነው። ከአፈር ውስጥ ከሚኖር ረቂቅ ተሕዋሲ ለይቶ ያወጣው አልበርት ሻትዝ የተባለ ወጣት ተማሪ ነበር፤ የ1952 የኖቤል ሽልማት ግን ለመምህሩ ብቻ ተሰጠ። ማዮ ክሊኒክ የሚሠሩት ዊልያም ፌልድማንና ኮርዊን ሂንሾው መድኃኒቱን አስቀድመው በእንስሳት፣ ከ1944 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በሰው ላይ ሞከሩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ለነቀርሳ የነበረው ፈውስ ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና ምግብ ነበር፤ ለብዙዎችም ይህ ሞትን ከማዘግየት አያልፍም ነበር። አሁን ሳንባ ውስጥ የመሸገው ተባይ በመርፌ ሲሸነፍ ታየ።

እነዚሁ ሁለት ሰዎች ገና ከመጀመሪያዎቹ ሕሙማን አንሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 እና በ1946፣ መድኃኒቱ የሚዛንን ስሜት እንደሚጎዳ ጽፈዋል። በ1948 የታተመው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት ነገሩን በቁጥር አስቀመጠው። በጥናቱ 55 ሕሙማን ስትሬፕቶማይሲን ወሰዱ፤ 52ቱ ደግሞ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ተጠበቁ። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት አራት ሲሞቱ ካልወሰዱት ዐሥራ አራት ሞቱ። መድኃኒቱ ነፍስ ያድናል። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ግን ከ55ቱ 36ቱ ማዞር እንደ ጀመራቸው፣ ይህም የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት እንደ ሆነ ተመዝግቧል።

በአምስተኛው ሳምንት! አጎቴ «ምድር ይዞርብኛል» ያሉበት ሳምንት ማለት ነው። እሳቸው ከመታመማቸው ከሠላሳ ዓመት በፊት ሳምንቱ ሳይቀር ታትሞ ነበር።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ባጭሩ ልናገር። በውስጠኛው ጆሮአችን፣ ከመስሚያው ጎን፣ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀለበት መሰል ቦዮች አሉ። ራሳችንን ባንቀሳቀስን ቁጥር ፈሳሹ ይናወጣል፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጫፎች ያሏቸው ሕዋሳትም ንቅናቄውን ተቀብለው በስምንተኛው የራስ ነርቭ በኩል ለአንጎል ያደርሳሉ። አንጎልም ዓይናችንን ከራሳችን እንቅስቃሴ በተቃራኒ እየመለሰ ዓለሙ ረግቶ እንዲታየን ያደርጋል። የቀደሙት የሕክምና መጻሕፍት ጉዳቱን የስምንተኛው ነርቭ መመረዝ ይሉት ነበር፤ ኋላ እንደ ታወቀው አስቀድመው የሚሞቱት ነርቩን የሚመግቡት እነዚያ ሕዋሳት ናቸው። አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። ሚዛን የሚቆመው በሦስት ምሰሶ ነው፤ በውስጠኛው ጆሮ፣ በዓይንና በእግር ስሜት። የመጀመሪያው ሲወድቅ ሁለቱ ይሸከማሉ። ጨለማ ሲሆን ወይም ዓይን ሲጨፈን ግን እግር ብቻውን ይቀራል፤ መሬቱ ጭቃ ወይም ጠጠር ከሆነ እግርም ይከዳል። በማኅሌቱ ሌሊት የሆነው ይኸው ነው። በጠበሉ ሥር የሆነውም ይኸው ነው።

ስትሬፕቶማይሲን ይበልጥ የሚያጠቃው ሚዛንን ነው። ይህን ለመሸሽ ዳይሃይድሮስትሬፕቶማይሲን የተባለ የቅርብ ዘመዱ በ1940ዎቹ መጨረሻ ተሠራ፤ ሚዛንን ይራራል ተብሎ ተስፋ ሲጣልበት መስሚያን የሚያደነቁር ሆኖ ተገኘ። የዚህ ወገን መድኃኒቶች በኩላሊት ስለሚወጡ፣ ኩላሊቱ የደከመና ዕድሜው የገፋ ሰው ይበልጥ ይጎዳል። ከእናት በሚወረስ አንድ የዘር ለውጥ ምክንያት በጥቂት መርፌ ብቻ የሚደነቁሩ ቤተሰቦች መኖራቸውም እ.ኤ.አ. በ1993 ታወቀ።

ከግሸን ወደ ደሴው አውራ ጎዳና ሲወጣ መንገዱ በውጫሌ በኩል ያልፋል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር የተዋዋሉባት፣ ዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ሆኖ የተገኘባት ውጫሌ። እዚያ ባለፍሁ ቁጥር የአጎቴ መርፌ ትዝ ይለኛል። እሱም ባለ ሁለት ጽሑፍ ውል ነበርና። በአንደኛው ጽሑፍ፣ በውጭ ቋንቋ፣ «ያድናል፤ ሚዛንን ግን ሊወስድ ይችላል፤ በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ተጠንቀቅ» ይላል። ለአጎቴ በአማርኛ የተነገራቸው ጽሑፍ ግን «ያድናል» በሚለው ያበቃል።

ይህን ስል ድሬሰሩን ለመክሰስ አይደለም። ስሙንም አላስታውስ፤ ምናልባት ያ የመጀመሪያው ጽሑፍ ለእሱም አልደረሰው ይሆናል። መድኃኒቱንም አልከስም። ያለ እነዚያ ስልሳ መርፌዎች አጎቴ የ1973ን መስቀል አያዩም ነበር። ደግሞም ዝምታው የእኛ አገር ብቻ አልነበረም፤ ከላይ በጠቀስሁት የብሪታንያ ጥናት ውስጥ እንኳ በዕረፍት ብቻ የተጠበቁት ሕሙማን በጥናት ውስጥ እንዳሉ አያውቁም ነበር። የእኔ ነገር ወዲህ ነው፤ ሕይወትና ሚዛን ቀርበውላቸው ምረጡ ቢባሉ አጎቴ ሕይወትን ይመርጡ ነበር። ነገር ግን የከፈሉትን ዋጋ ስሙን አውቀው ቢከፍሉት ኖሮ ሰካራም አይባሉም ነበር። ምናልባት መጠኑ በጊዜ ይቀነስላቸው ነበር። ያ ባይሆን እንኳ ከቅኔ ማኅሌቱ አንድ ፋኖስ ቢቀርብላቸው፣ አንድ ደቀ መዝሙር ክንዳቸውን ቢይዝ ይበቃ ነበር። ሚዛኑን ያጣ ሰው የረጋ ነገር በጣቱ ጫፍ ሲነካ እንኳ መቆሙ እንደሚጠናለት በጥናት ታይቷል። የፋኖስና የክንድ ነገር ነበር። ያጣነው መድኃኒት አልነበረም፤ ቃል ነበር።

የዚህ መርፌ ዘመን በአገራችን ረጅም ነው። ከእ.ኤ.አ. 1992 ጀምሮ በአርሲና በባሌ ተጀምሮ ወደ መላው አገር በተስፋፋው አጭሩ የነቀርሳ ሕክምና ውስጥም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ስትሬፕቶማይሲን ነበረባቸው። ኋላ በኤታምቡቶል ኪኒን ቢተካም፣ በሽታው ለተመለሰባቸው ሕሙማን መርፌው ቀጥሏል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህ የድጋሚ ሕክምና ዘዴ እንዲቀር የመከረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። መድኃኒት ለተላመደ ነቀርሳ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሕክምና ሲጀመር ብዙ ሞት ቀርቷል፤ ሆኖም የዚያ ዘመን ሕክምና ለወራት የሚወጉ መድኃኒቶችን፣ ካናማይሲንን ወይም ካፕሪዮማይሲንን፣ ይጠይቅ ነበር። እነዚህ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ብዙዎችን አደንቁረዋል።

ዝምታውን ከሰበሩት መካከል ሁለት ሴቶችን ማንሣት እወዳለሁ። የደቡብ አፍሪካዋ ፑሜዛ ቲሲሌና የሕንዷ ናንዲታ ቬንካቴሳን ከነቀርሳ ድነው መስሚያቸውን በሕክምናው ያጡ ናቸው። በደረሰባቸው ሳያፍሩ፣ በአደባባይ «መድኃኒቱ ነው ያደነቆረን» ብለው ተናገሩ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 መርፌውን ቤዳኩዊሊን በሚባለው ኪኒን እንደምትተካ አስታወቀች፤ በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ከእንግዲህ አይመከሩም አለ። ሁለቱ ሴቶች ደግሞ የቤዳኩዊሊን ብቸኛ የባለቤትነት መብት በሕንድ እንዳይራዘም ተሟግተው በመጋቢት 2023 ረቱ። የእነሱን ታሪክ ሳነብ አጎቴ የቆሙበት ሸንጎ ታየኝ። ልዩነቱ እነሱ የደረሰባቸውን ነገር ስም ማወቃቸው ነው።

ነገሩ ግን ከመርፌው ጋር አልተቀበረም። ዛሬ መድኃኒት ለተላመደ ነቀርሳ ከሚሰጡት ኪኒኖች አንዱ ሊኔዞሊድ ነው፤ እሱ ደግሞ የእጅና የእግር ነርቮችን፣ አንዳንዴም የዓይን ነርቭን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ከ109 ሕሙማን 98ቱ ጥሩ ውጤት አገኙ፤ ነገር ግን ከመቶ 81ዱ የነርቭ ጉዳት ምልክት ታየባቸው። በ2022 በታተመው ተከታይ ጥናት መጠኑ በግማሽ ሲቀነስ ምልክቱ ከመቶ ወደ 24 ወረደ፤ የዳኑት ቁጥር ግን አልቀነሰም። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ዋጋው ሲነገር ዋጋውን መቀነስ ይቻላል። በመደበኛው የነቀርሳ ሕክምና ውስጥ ያለው አይሶናያዚድም እግርን ሊያደነዝዝና ሊያቃጥል ይችላል፤ ይህንንም ርካሹ ቫይታሚን ቢ 6 እንደሚከላከለው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ኤታምቡቶል የዓይንን ነርቭ ሲነካ ቀይና አረንጓዴ ቀለም መለየት ሊያስቸግር ይችላል። ማንም ይህን አንብቦ መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ማቋረጥ ሞትን መጥራት ነው። እግርዎ ሲደነዝዝ፣ ጆሮዎ ሲጮህ፣ ምድር ሲዞርብዎ ግን በዚያው ቀን ለሐኪምዎ ይንገሩ። «ምግብ ያጠንክሩ» ከተባሉ ደግመው ይናገሩ። የእግር ነርቭ በጊዜ ከተደረሰለት ብዙውን ጊዜ ያገግማል፤ የውስጠኛው ጆሮ ግን አይመለስም።

ወረቀቷን ባነበብሁ ዓመት ለበዓሉ ወደ አገሬ ወረድሁ። አጎቴ አርጅተዋል፤ ያን ዓመትም ከተራራው ሥር፣ ከዚያው ድንጋይ ላይ አብረን ተቀመጥን። የባትሪ መብራት ይዤ ነበርና የጄ. ሲ.ን ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው። ስለ አልጋው ብረት፣ ስለሚዘሉት ፊደሎች፣ ቆሞ ካልሆነ አጥርቶ ስለማያየው ሰው። መርፌው ያው የእሳቸው መርፌ እንደ ሆነ፣ ሕመሙ ስም እንዳለው ነገርኋቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ሕዝቡ በጧፍና በዝማሬ ባጠገባችን ያልፋል። ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ይህ ሐኪም፣» አሉኝ፣ «ሰክሯል አሉት ወይ?»

«አላሉትም፣ የኔታ።»

«ለምን?»

ወረቀቱን አጠፍሁ። «ሐኪም ነዋ» አልሁ፤ «የሆነውን ሲናገር አመኑት።»

ራሳቸውን በዝግታ ነቀነቁ። የመከሯቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም፤ ወረቀቱን ወስጄ የማነብለት ሸንጎ አልነበረም። አጎቴም ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ዐረፉ። ያን ሌሊት ግን ሰማዩ ገና ሳይገረጣ መቋሚያቸውን አንሥተው ቆሙ። «መብራትህ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ደህና መሆኑን ነገርኋቸው። ክንዴን ያዙ፤ መብራቱን ከእግራቸው ፊት ፊት እያበራሁ አቀበቱን ጀመርን።